ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ለባለ ቲዩብ ጊታር አምፕ የትኛው መፍትሔ ይሻላል? ለጎንደር ተጫዋቾች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በጎንደር አመሻሽ ላይ በባለ ቲዩብ አምፕ (ድምፁን በመስታወት ቲዩቦች በሚያጎላ ማጉያ) የሚጫወት ጊታሪስት፣ ረፋድ ላይ ጥርት ብሎና ጠንክሮ ይወጣ የነበረው ድምፅ ለስልሶ፣ ባሱም ላልቶ ሲያገኘው ጥፋቱን መጀመሪያ በክሩ፣ ቀጥሎም በቲዩቡ ላይ ይጥላል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው ከሶኬቱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ብቻውን ወደ 16 አምፒር ይስባል፤ ከአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር በሚወጣ መስመር ላይ ብዙ ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲሰኩ ቮልቴጁ በሽቦው ርዝመት ልክ እየወረደ ይሄዳል፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚኖረው ሰውም ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ ፒያሳ ያለ ሆቴልና ከትራንስፎርመሩ ርቆ አዘዞ ውስጥ ያለ መኖሪያ ቤት አንድ ዓይነት አምፕ ቢኖራቸው እንኳ አንድ ዓይነት መፍትሔ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ከዚህ በታች አማራጮቹ በሁለት ሚዛን ይመዘናሉ፤ አንደኛው የድምፁ ቃና ሲሆን ሁለተኛው የአምፑ ዕድሜ ነው። የእኔን አቋም አስቀድሜ ልግለጽ፦ ለቃና ሲባል 220 ላይ በትክክል መድረስ የሚባለውን ያህል አስፈላጊ አይደለም፣ ቮልቴጁ ባለበት ረግቶ መቆየቱ ግን እጅግ አስፈላጊ ነው። በ208 ቮልት ላይ ሳይነቃነቅ የሚያመሽ መስመር፣ በ200 እና በ235 መካከል ከሚዘል መስመር የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። አብዛኛው ምርጫም በዚህ ይወሰናል።

በአምፑ ውስጥ ምን ይሆናል?

የአብዛኞቹ ባለ ቲዩብ አምፖች የኃይል ክፍል ቮልቴጅን የሚያረጋጋ መቆጣጠሪያ የለውም። ከሶኬት የገባው ኃይል በአምፑ ትራንስፎርመር በኩል በአንድ ወገን ለፕሌቶቹ (በቲዩቡ ውስጥ ኤሌክትሮን ለሚቀበሉት የብረት ክፍሎች) የሚሆን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በሌላ ወገን ቲዩቦቹን ለሚያግሉት ፊላመንቶች የሚሆን 6.3 ቮልት ይሆናል፤ ሁለቱም የሶኬቱን ቮልቴጅ ተከትለው በተመሳሳይ መቶኛ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ለ220 ቮልት የተሠራ፣ በፕሌቱ ላይ 450 ቮልት ያለው አምፕ፣ መስመሩ ወደ 190 ሲወርድበት ፕሌቱ ወደ 389፣ ፊላመንቱ ደግሞ ወደ 5.4 ቮልት ይወርዳል። የሚወጣው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ የ50 ዋቱ አምፕ ወደ 37 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ቢመስልም በጆሮ ሲለካ 1.3 ዴሲቤል ብቻ ነውና የድምፅ መጠኑ ልዩነት በጭንቅ የሚለይ ነው።

በግልጽ የሚለወጠው የአምፑ ጠባይ ነው። አምፑ ንጹሕ ሆኖ የሚቆይበት ልክ ይጠብባል፣ ዲስቶርሽኑ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ወፍራም ክር በኃይል ሲመታ ባሱ ይላላል፣ ምቱም ከጣት ጥቂት የዘገየ ያህል ይሰማል። ይህ ለውጥ ክፉ ነው ወይስ ደግ የሚለው በሚጫወተው ዜማ ይወሰናል። በትዝታ ቅኝት ረጅም ኖታ እያስረዘመ ለሚጫወት ሰው ይህ ልስላሴ ሊያስደስት ይችላል፤ እስክስታ ለሚያስመታ ፈጣንና የተቆራረጠ ምት ግን አምፑ ከከበሮው ኋላ የቀረ ይመስላል።

እዚህ ላይ ተጫዋቾች ዘወትር የሚያምታቱትን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጂዜድ34 ወይም 5ዩ4 የመሰለ ሬክቲፋየር ቲዩብ (ተለዋዋጩን ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር) ያላቸው አምፖች ክሩ በኃይል ሲመታ ፕሌቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለጥቂት ቅጽበት ወርዶ መልሶ ይነሣል፣ ብዙ ጊታሪስቶችም ይህን እየጠበቁ ይጫወቱበታል። ያ መውረድ የሚመጣው ከእጅህ ነው፤ ጠንክረህ ስትመታ ይመጣል፣ ስትለቅ ይሄዳል። ከመንገድ የሚመጣው መውረድ ግን እጅህን አያውቅም፤ ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ይመጣል፣ ሲነቅል ይሄዳል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያረጋጋ መሣሪያ) ማስገባት የመጀመሪያውን አያጠፋውም፣ ስለዚህ «ስታቢላይዘር የአምፑን ነፍስ ይገድላል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

የቮልቴጅ ከፍ ማለት ግን ከመውረዱ ይልቅ ያሳስበኛል። ሌሊት ሰው ሲተኛና ምጣዱም ምድጃውም ሲጠፋ፣ ወይም መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ፣ መስመሩ ከተለመደው ልክ ሊያልፍ ይችላል። ያው አምፕ 245 ቮልት ሲያገኝ ፕሌቱ ወደ 501 ቮልት፣ ፊላመንቱም ወደ 7 ቮልት ይደርሳል። ድምፁ ይደርቃል፣ ላይኛው ድምፅ እንደ ብርጭቆ ስል ይሆናል። ከዚያ የሚብሰው ግን በውስጥ ያለው ነው፦ የኢኤል34 ፕሌት ሊሸከም የሚችለው 25 ዋት፣ የኢኤል84 ደግሞ 12 ዋት ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞውኑ በልኩ ጫፍ ላይ እንዲሠራ ባያሱ (ቲዩቡ ሳይጫወትበት የሚስበውን ኃይል የሚወስነው ቅንብር) የተስተካከለ ቲዩብ ልኩን ያልፋል፤ ለ500 ቮልት የተሠሩ ማጣሪያ ካፓሲተሮችም ቲዩቦቹ ገና ሳይግሉና ኃይል መሳብ ሳይጀምሩ ከአቅማቸው በላይ ሊጫንባቸው ይችላል። ለፊላመንት በተለምዶ የሚፈቀደው ከ6.3 ቮልት 10 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ ማለትም ከ5.7 እስከ 6.9 ቮልት ነው። ከዚህ በታች ለረጅም ጊዜ መሥራትም ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) በበቂ ሳይሞቅ ኃይል እንዲሰጥ ስለሚያስገድደው የቲዩቡን ዕድሜ ያሳጥራል።

ከመግዛት በፊት መለካት

ምንም ነገር ከመግዛት በፊት አንድ መልቲሜትር ወስዶ፣ አምፑ በርቶ ሳለ፣ በዚያው ክፍል ያለውን ሶኬት በተለያየ ሰዓት መለካት ያስፈልጋል፦ ረፋድ፣ አመሻሽ ላይ እራት በሚሠራበት ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁጥር መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩ በዝግታ ይሄዳል ወይስ ይዘላል የሚለውም መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ልኬቱ በሶኬት ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ የአምፑ ውስጥ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ስለሚይዙ ለባለሙያ የሚተው ነው።

በዚያው ጊዜ የአምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ማየት ይገባል፤ ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ለ230 ቮልት የተሠራ አምፕ በ220 ላይ ሲሠራ ፊላመንቱ 6 ቮልት ገደማ ያገኛል፣ ይህም ጤናማ ነው፤ 245 ቢመጣበትም ከ6.7 አያልፍም። በአንጻሩ መስመሩ 190 ሲሆን ወደ 5.2 ይወርዳል። ለ240 የተሠራ ከሆነ ደግሞ በ190 ላይ ከ5 ቮልት በታች ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ዝቅ በሚል መስመር ላይ ያለ ሰው 220 ላይ የሚቀየር መምረጫ ያለው አምፕ ቢይዝ፣ ሌሊት ሌሊት ከፍ በሚል መስመር ላይ ያለው ደግሞ መምረጫውን 230 ወይም 240 ላይ ቢያደርግ፣ ምንም ሳይገዛ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። መምረጫው ሲቀየር ፊውዙም በመመሪያው መሠረት መስተካከል እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። ቀጭን ሽቦ ያለው ረጅም ዲቫይደርም ራሱ ቮልቴጅ ይበላል፤ እሱን መቀየር አንዳንዴ ከስታቢላይዘር ይቀድማል።

ባለ ሪሌይ ወይስ ባለ ሰርቮ ስታቢላይዘር?

በጎንደር ሱቆች ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ተብሎ የሚሸጠው ስታቢላይዘር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሪሌይ ነው። በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በርካታ መውጫዎች አሉት፤ የሚገባው ቮልቴጅ ሲለወጥ ሪሌዮቹ ጠቅ እያሉ ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው ያዞራሉ። የሚወጣው ቮልቴጅ በተለምዶ ከ220 በላይና በታች 8 ወይም 10 በመቶ ድረስ ሊለያይ ይችላል። ለፍሪጅ ይህ በቂ ነው። ለቲዩብ አምፕ ግን ችግሩ እያንዳንዱ እርምጃ ዝላይ መሆኑ ነው፦ አንድ እርምጃ 18 ቮልት ቢሆን በፕሌቱ ላይ በአንድ ጊዜ 37 ቮልት ያህል ይለወጣል፣ ይህም በንጹሕ ድምፅ መሀል እንደ ትንሽ ግፊት ሊሰማ ይችላል። ፊላመንቱ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ስለሚወስድ ቅጽበታዊውን ዝላይ አይከተልም፤ ፕሌቱ ግን ወዲያው ይከተላል። የመንገዱ ቮልቴጅ ሪሌዩ በሚዞርበት ድንበር ላይ ሲያንዣብብ ደግሞ ስታቢላይዘሩ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲጮኽ ያመሻል፣ አምፑም አብሮት ይዋዥቃል። በዝግታ የሚወርድን መስመር ወደ ዝላይ መቀየር ለቃና ሲባል ኪሳራ ነው።

ባለ ሰርቮው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ትንሽ ሞተር የካርቦን ብሩሽን በትራንስፎርመሩ ጥቅል ላይ እያንሸራተተ የሚጎድለውን ይጨምራል፣ የሚተርፈውን ይቀንሳል። የሚወጣው ቮልቴጅ ከ1 እስከ 3 በመቶ ባለው ልዩነት ውስጥ ይቆያል፣ ለውጡም የሚንሸራተት እንጂ የሚዘል አይደለም። ድክመቱ ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ በቅጽበት ብልጭ የሚል መውረድ ሞተሩ ከመድረሱ በፊት ያልፈዋል። ሆኖም በምጣድ የሚመጣው መውረድ ሰዓታትን የሚቆይ ስለሆነ ለዚህ ችግር የተሠራ ያህል ይስማማል። ብሩሹ እያለቀ ስለሚሄድና የካርቦን ብናኝ ስለሚሰበሰብበት አልፎ አልፎ መጽዳት ይኖርበታል። ትራንስፎርመሩ የራሱ የማግኔት መስክ ስላለው ነጠላ ጥቅል ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ላለው ጊታር ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር ማራቅ ይበጃል፤ ካልሆነ እዝዝታው በፒካፑ በኩል ገብቶ «ስታቢላይዘሩ ድምፅ አበላሸ» ያስብላል።

በአቅም በኩል 50 ዋት የሚያወጣ አምፕ ከመስመሩ እስከ 200 ዋት ገደማ እንደሚስብ ማሰብ ይቻላል። ያም ሆኖ 1,000 ቮልት አምፒር የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም መስመሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ስታቢላይዘሩ ራሱ የሚስበው አምፒር ይጨምራል፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ሁለት እኩል የተባሉ ዕቃዎችን በእጅ አንሥቶ ክብደታቸውን ማነጻጸር ጥሩ ምርመራ ነው፤ መዳብና ብረት ከባድ ናቸው፣ ቀላል የሆነው ስታቢላይዘር ውስጡ ያነሰ ነው።

ቫርያክ

ቫርያክ በእጅ በሚዞር ቁልፍ ቮልቴጅን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ነው። ስሙ በጊታሪስቶች ዘንድ የገነነው ኤዲ ቫን ሄለን በማርሻል አምፑ ላይ ተጠቅሞ ቮልቴጁን ወደ 90 ቮልት ገደማ በማውረዱ ነው፤ ይህ በአሜሪካ መስመር ሲሆን በእኛ 220 ሲተመን ወደ 165 ቮልት ይሆናል። ይህን ማንበብ ብዙ ወጣት ተጫዋቾችን ይማርካል። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ቫርያክ መስመሩን አያረጋጋም፤ የገባውን በቁልፉ ልክ አሳንሶ ወይም አሳድጎ ያስተላልፋል፣ መንገዱ ሲዋዥቅ የሚወጣውም አብሮ ይዋዥቃል። ሁለተኛ፣ ፕሌቱን ሲያወርድ ፊላመንቱንም ያወርዳል፤ በ165 ቮልት ፊላመንቱ ወደ 4.7 ቮልት ስለሚወርድ ከተፈቀደው ልክ እጅግ ይርቃል። በዚህ ላይ አመሻሽ ላይ መስመሩ 190 ሳለ ወደ ላይ ተሽከርክሮ የተስተካከለ ቫርያክ፣ ሌሊት መስመሩ ሲነሣ አምፑን ለአደጋ ይጥላል። ስለዚህ ለጎንደር መስመር መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ዲስቶርሽን በዝቅተኛ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ከአምፑና ከስፒከሩ መካከል የሚገባ ኃይል መቀነሻ ወይም ማስተር ቮልዩም ይሻለዋል።

ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ጄኔሬተር

መብራት ጨርሶ ሲሄድ ስታቢላይዘር ምንም አይረዳም፣ ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል ወደሚሰጥ መሣሪያ) ያያሉ። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ተራው ዩፒኤስ በባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ብዙውን ጊዜ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። ከመስመር የሚመጣው ለስላሳ ሞገድ (የሳይን ሞገድ) ጫፍ በሜትር የሚነበበው ልኩ 1.41 እጥፍ ስለሆነ በ220 ላይ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፣ የአምፑ ሬክቲፋየርም የሚሞላው ከዚህ ጫፍ ነው። የአንድ ፍጹም አራት ማዕዘን ሞገድ ጫፍ ግን ከዚህ ልክ ጋር እኩል ነው። በዚህ ምክንያት ፊላመንቱ ልኩን እያገኘ ፕሌቱ በብዙ ሊራብ ይችላል፣ የሞገዱ ስለታም ጠርዞችም በስፒከሩ ውስጥ እንደ ንብ እዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣሉ። ንጹሕ የሳይን ሞገድ የሚያወጣ ኢንቨርተር ወይም ኃይሉን ሁልጊዜ በባትሪው በኩል እየመለሰ የሚሠራ ዩፒኤስ ይህ ችግር የለበትም። ዋጋውና የማቀዝቀዣ ማራገቢያው ድምፅ ግን ከቤት ልምምድ ይልቅ ለቀረጻ ክፍል የሚገባ ያደርገዋል፤ መሣሪያውንም ከማይክሮፎኑ ክፍል ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ባለው የሰርግ ወቅት ዳስ ውስጥ የሚጫወቱ ደግሞ ከጄኔሬተር ማምለጥ አይችሉም። ከመብራቱና ከሳውንድ ሲስተሙ ጋር በአንድ ትንሽ ጄኔሬተር ላይ የተሰካ አምፕ፣ አንድ ከባድ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ቮልቴጁ ድንገት ይነሣበታል። ኢንቨርተር ያለው ጄኔሬተር ከተራው ይሻላል፤ እሱ ካልተገኘ በአምፑና በጄኔሬተሩ መካከል ባለ ሰርቮ ስታቢላይዘር ከማስገባት ይልቅ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ ማድረግን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጄኔሬተር ሲዋዥቅ ሰርቮው ሊደርስበት አይችልም።

ይህ ቆራጭ መከላከያ በቤትም ቢሆን ርካሹና አስፈላጊው ዕቃ ነው። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ ዓይነት ከሆነ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታ ያሳልፋል። የሌለው ሰው መብራት እንደሄደ የአምፑን ማብሪያ ማጥፋትን ልማድ ያድርግ። «ሰርጅ ፕሮቴክተር» የተጻፈበት ዲቫይደር ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ከፍታን እንጂ ለደቂቃዎች የሚቆይ 250 ቮልትን አይከላከልም።

ቲዩብን መተው

ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ በተጻፈ ኃይል መስጫ የሚሠሩ ዲጂታል የጊታር መሣሪያዎች መዋዠቁን ሳይሰሙት ያልፋሉ፤ በ180 ቮልትም ቃናቸው አይለወጥም። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በየሳምንቱ በተለያየ ሆቴል ለሚጫወት ሰው ይህ ሐቀኛ አማራጭ ነውና አላጣጥለውም። ባለ ትራንዚስተር አምፖችም መጀመሪያ ክፍላቸው በተረጋጋ 15 ቮልት ስለሚሠራ ከቲዩብ ይልቅ ይታገሣሉ፣ የመጨረሻው ክፍል ግን እነሱም ላይ ከመስመሩ ጋር ይወርዳል። ቲዩብና ትራንዚስተር የተቀላቀሉባቸው አዳዲስ አምፖች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ መስመሩ ከልክ በታች ሲወርድ የቻናል መቀየሪያው እምቢ ካለ ወይም እዝዝታ በድንገት ከገባ፣ ቲዩብ ከመቀየር በፊት ሶኬቱን መለካት ይቀድማል።

ለማን የትኛው?

ልኬቱ ከ205 እስከ 235 ከሆነና የማይዘል ከሆነ ቆራጭ መከላከያ ብቻ ገዝቶ ገንዘቡን ለቲዩብ ማስቀመጥ ይሻላል። አመሻሽ ላይ ከ200 በታች በዝግታ የሚወርድ ከሆነ ባለ ሰርቮ ስታቢላይዘር፤ ባለ ሪሌይ የምመክረው መስመሩ ከ180 በታች ለሚወርድበትና ሰርቮ መግዛት ለማይችል ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቃናውን ሳይሆን ቲዩቡን ለማዳን። የቀረጻ ክፍል ያለው፣ ንጹሕ ሳይን የሚያወጣውን ዩፒኤስ ቢገዛ ጠዋት የቀረጸውንና ማታ የቀረጸውን ያለ ልዩነት ማያያዝ ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት አምፕ ያለው ሰው ለብቻው ይታይ። ገበያ ላይ ያለው መቀነሻ ትራንስፎርመር 220ን ለሁለት ከፍሎ 110 ስለሚያወጣ አምፑ ገና ሲጀምር 8 በመቶ ጎድሎበታል፤ መስመሩ 190 ሲሆን 95 ቮልት ብቻ ይቀረዋል። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በእኛ 50 ሄርዝ የበለጠ ይሞቃል፣ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ለዚህ አምፕ ትንሽ ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ጠላት አይደለም። ስታቢላይዘሩን ከመቀነሻው በፊት፣ በ220 በኩል ማስገባት ይገባል። በሁለት እግር ሶኬት ላይ ኧርዝ (የመሬት መስመር) የሌለው መቀነሻ መጠቀም ግን ለማንም አይመከርም፣ ጊታሩን ይዞ በማይክሮፎን ለሚዘፍን ሰው በክሩና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ቮልቴጅ ሊገድል ይችላልና። በመጀመሪያ ባለሙያ ጠርቶ ኧርዙን ማስገባት፣ ስለ ቃና መነጋገር ከዚያ በኋላ።